ስም ያልተጻፈባቸው ካሴቶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ቀድሞዎቹ የሮክና የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፈኖች በጥቂቱ አንስተን ስለነበር ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልተቻለ ሌሎቹንም ይወክላሉ ያልናቸውን ሦስቱን መርጠን የዚህን ወር ዓምድ ለእነሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በኮምቦልቻና በአሰብ መካከል ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በቅርቡ ቁም ሳጥናቸውን ስናጸዳ በጫማ ካርቶን የተቀመጡ 37 ካሴቶች አገኘን፤ አብዛኞቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። በአንዱ ላይ አንድ ሰው በወፍራምና በለሰለሰ ድምፅ፣ ስልክ ላይ የሚያወራ ይመስል ይዘፍናል። በሌላው ላይ ስለ ባቡርና ስለ ካርታ ጨዋታ የሚተርክ ዘፈን አለ። አንዱ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሁለት ጊታሮች ለረጅም ጊዜ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። አዲስ አበባና ጅዳ ለሚኖሩት እህቶቼ ላካፍላቸው እፈልጋለሁ። ዘፈኖቹ የማን ናቸው? ካሴቶቹን ሳላበላሽስ እንዴት ላጋራቸው? — የሹፌር ልጅ፣ ከደሴ ሆጤ

መልስ፦ ነፍስ ይማር። የአሰብ መንገድ ሹፌሮች ከጭነቱ ጋር ካሴትም ይዘው ይመጡ እንደነበር የዚያ ዘመን ልጆች ሁላችንም እናስታውሳለን። አባትዎ የመረጧቸው ዘፈኖች በሌሊት ጉዞ ለብቻው መሪ የያዘ ሰው ሊሰማቸው የሚችሉ ናቸው።

ስልክ ላይ የሚያወራው ሰው ጂም ሪቭስ፣ ዘፈኑም «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» እንደሆነ ብዙም አልጠራጠርም። በ1959 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲወጣ የሸክላው ዋና ዘፈን ሌላ ነበር፤ ይህኛው በጀርባው ነበር የታተመው። የሬዲዮ ሰዎች ሸክላውን ገልብጠው ሲያጫውቱት ግን በ1960 በአሜሪካ የካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰው ከመጠጥ ቤት ለሚወዳት ሴት ይደውላል፤ ሳንቲም እየተጨመረበት የሚዘፍነውን ሳጥን ድምፁን እንዲቀንሱለት እንደሚጠይቅ ይነግራታል፤ አጠገቧ ሌላ ወንድ እንዳለም ያውቃል። ሪቭስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚዘፍን ሰው ነበር። በኋላ ግን ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ በለሆሳስ መዝፈን ጀመረ፤ እርስዎም «የሚያወራ ይመስላል» ያሉት ስለዚህ ነው። ይህ ሰው ሐምሌ 31 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን በናሽቪል አቅራቢያ ተከስክሳ ሲሞት ገና 41 ዓመት አልሞላውም ነበር።

ባቡሩና ካርታው የኬኒ ሮጀርስ «ዘ ጋምብለር» ነው፤ የወጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን ደራሲው ዶን ሽሊትዝ ይባላል። ከሮጀርስ በፊት ሌሎችም ዘፍነውት ነበር፤ ያልተሳካላቸውን እርሱ አሳካው። እንቅልፍ ያጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በሌሊት ባቡር ይገናኛሉ። በካርታ ጨዋታ የኖረው አዛውንት ለሚቀምሳት መጠጥ ምላሽ እንዲሆን ለወጣቱ ምክር ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞሮ እንደተኛ ሕይወቱ ያልፋል። ከሹፌር ጋር ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሌሊቱን በወሬ የተጓዘ ሰው ይህን ዘፈን እንግሊዝኛውን ሳይሰማ እንኳ የሚረዳው ይመስለኛል።

ሁለቱ ጊታሮች ደግሞ ኢግልስ የተባለው ቡድን በ1976 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጣው «ሆቴል ካሊፎርኒያ» መሆን አለበት። ጊታሮቹን የሚጫወቱት ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ ናቸው፤ ሲቀባበሉ ቆይተው መጨረሻ ላይ እኩል ይገጥማሉ። ለማረጋገጥ ሰዓት ይያዙበት፤ ሙሉው ዘፈን ስድስት ደቂቃ ተኩል ይሆናል።

አሁን ወደ ካሴቶቹ እንምጣ፤ እዚህ ላይ እባክዎን አይቸኩሉ። ከማጫወትዎ በፊት እያንዳንዱን ካሴት ከላይ ጠርዙ ይመልከቱት። በስተግራና በስተቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ካሉ በስህተት ሊቀዳበት ይችላል፤ ከተሰበሩ ግን የመቅጃው ቁልፍ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ይስበሯቸው። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ የታላቅ ወንድሜ ድምፅ ያለበትን አንድ ካሴት በራሴ እጅ ቀድቼበት አጥፍቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ቀጥሎ በታችኛው ክፍት በኩል ክሩን ከኋላ የሚደግፈው ትንሽ ጨርቅ በቦታው መኖሩን ይዩ፤ ወድቆ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ክሩ የላላ ከሆነ በእርሳስ አዙረው ያጥብቁት። ነጭ ሻጋታ ካዩ ግን ቴፕ ውስጥ አያስገቡት፤ ሻጋታው ወደ ቴፑ፣ ከቴፑም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጭጋግና ብርድ የማያጣት ከተማ ናት፤ በክረምት ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ካሴት እርጥበት መያዙ አይቀርም። ከቀዝቃዛው ክፍል አውጥተው ወዲያው አያጫውቱት፤ ሞቅ ባለ ደረቅ ክፍል አንድ ቀን ይደር። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ቀጥሎም ወደኋላ ያጠንጥኑት፤ ተጣብቆ የቆየው ክር ይላቀቃል።

የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩ እየነካው የሚያልፈውንና ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ይጥረጉት። ጥጡ ላይ ቡናማ ዱቄት ካዩ እርሱ ከካሴቶች እየተፋቀ የቀረ ነው፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙት። የ90 ደቂቃ ካሴት ወደ 130 ሜትር የሚጠጋ ክር አለው። ይህ ሁሉ በዚያች ትንሽ ሄድ ላይ በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ያልፋል፤ ስለዚህ ከሦስት ወይም ከአራት ካሴት በኋላ እንደገና መጥረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር በገመድ አገናኝተው ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይቅዱት። ለማስቀመጫ የሚሆነው ያልተጨመቀው ፋይል በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ የአንዱ ገጽ 45 ደቂቃ 450 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለእህቶችዎ በቴሌግራም የሚልኩት ኤምፒ3 ግን ከዚህ አሥር እጅ ያህል ሊያንስ ይችላል። የተጨመቀውን ይላኩ፤ ያልተጨመቀውን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። ዘፈኖቹን ብቻ እየቆረጡ አይላኩ፤ የካሴቱን ሙሉ ገጽ ሳያቋርጡ ይቅዱ፣ ባዶ የሚመስለውን ቦታም ጭምር። በዚያ ዘመን ሰው ሩቅ ላለ ዘመዱ በካሴት ድምፁን ቀድቶ ይልክ ነበር። በሁለት ዘፈኖች መካከል ጉሮሮ ሲጠረግ፣ የጋቢና በር ሲዘጋ፣ ወይም «ይህን ስማው» የሚል ድምፅ ሊገጥምዎ ይችላል። የጂም ሪቭስን ዘፈን እህቶችዎ በየትኛውም ስልክ ያገኙታል፤ አባታችሁ ከየትኛው ዘፈን ቀጥለው የትኛውን እንደቀዱት ግን ከእነዚያ 37 ካሴቶች በቀር የትም አይገኝም።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ። እኛ ጡረታ የወጣን መምህራን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን፣ ቡና እየጠጣን፣ በወጣትነታችን የምንወዳቸውን ዘፈኖች እናሰማለን። ሁለት ችግር አለብን። አንደኛው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የዊትኒ ሂውስተን ነው፣ የለም የዶሊ ፓርተን ነው በሚል ክርክር ነው። ሁለተኛው የልጅ ልጆቻችን መጥተው አንድ ዘፈን እንኳ ሳይጨርሱ ጥለውን መሄዳቸው ነው። — ጡረተኛ መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ እትዬ፣ ክርክሩን አሁኑኑ እንዝጋው። ዘፈኑን የጻፈችውም መጀመሪያ የዘፈነችውም ዶሊ ፓርተን ናት። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ላይ አብራው ስትሠራ ከቆየችው ከፖርተር ዋገነር ተለይታ ለብቻዋ መሥራት ስትፈልግ የስንብት መግለጫ አድርጋ ጻፈችው፤ በ1974 ወጥቶም የካንትሪውን ሰንጠረዥ መራ። ስለዚህ እንደሚታሰበው የፍቅረኞች መለያየት ሳይሆን የሥራ ባልደረባን በአክብሮት የመሰናበት ዘፈን ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ግን የባለቤትነቱ ግማሽ ካልተሰጠን ብሎ ጠየቀ። ዶሊም አዝና እምቢ አለች። ዊትኒ ሂውስተን በ1992 በፊልም ውስጥ ስትዘፍነው ለ14 ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ ገቢውም የዶሊ ድርሻ ሳይሸራረፍ ደረሳት። ሁለቱንም አከታትላችሁ ብታዳምጧቸው ክርክሩ ወደ ሌላ፣ ወደሚጣፍጥ ጨዋታ ይለወጣል፤ አንዷ በሹክሹክታ የምትሰናበተውን ሌላዋ ተራራ ላይ ቆማ ትጣራበታለች። እኔ የዶሊን እመርጣለሁ።

ስለ ልጆቹ፣ ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም። የካንትሪ ዘፈን ሙሉ ጉልበቱ ተረቱ ላይ ነው፤ ተረቱ ያልገባው ልጅ የሚሰማው ቀስ ያለ ጊታርና የማያውቀው ሰው ድምፅ ብቻ ነው። እናንተ ዕድሜያችሁን ያስተማራችሁ ሰዎች ስለሆናችሁ መላው በእጃችሁ ነው። ከማጫወታችሁ በፊት ታሪኩን በአማርኛ፣ ተረት እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ንገሯቸው፤ መጨረሻውን ግን ለዘፈኑ ተዉለት።

ለመጀመሪያው እሑድ የዶሊን «ኮት ኦቭ ሜኒ ከለርስ» እመርጥላችኋለሁ፤ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በቴነሲ ተራሮች የምትኖር አንዲት ድሃ እናት ሰው የሰጣትን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች ለልጇ ካፖርት ትሰፋላታለች፤ ስትሰፋም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለውን የዮሴፍን ኅብረ ቀለማት ልብስ ትተርክላታለች። ልጅቷ እየኮራች ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆቹ ይስቁባታል። እዚህ ላይ አቁሙና ዘፈኑን ክፈቱት። የዮሴፍን ታሪክ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚያውቅበት በወሎ ቤት ይህ ዘፈን ባዕድ አይሆንም። በአንድ እሑድም ከእያንዳንዱ ሰው ከአንድ ዘፈን በላይ አትቀበሉ። አምስት ስድስት ዘፈን ተደራርቦ ሲመጣ አዋቂውም ይሰለቻል። ልጆቹም በተራቸው የራሳቸውን አንድ ዘፈን ያምጡ፤ እናንተም እስከ መጨረሻው አዳምጡላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ኮምቦልቻ የምኖር፣ ጊታር በመማር ላይ ያለሁ ወጣት ነኝ። አጎቴ በወጣትነቱ ባንድ ውስጥ ይጫወት ስለነበር የድሮ ሮክ ያስተምረኛል። ሊድ ጊታሩን (ዜማውን የሚመራውን) ሳጠና ግን ጣቶቼ ሳላስበው ወደ ባቲ ቅኝት ይሄዱብኛል። አጎቴ «ቀላቀልከው» ይለኛል። እውነት ስህተት ነው? — ጊታረኛው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጆሮህ አልተሳሳተም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ መሆናቸውን ታውቃለህ፤ ባቲም ከአንተው ከተማ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ጎረቤትህ ናት። ባቲ ማይነር የምንለውን ከኤ ብትጀምረው ድምፆቹ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ጂ ናቸው። የሮክ ጊታረኞች ማይነር ፔንታቶኒክ ብለው በአምስተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ካሉት የብረት መስመሮች በአምስተኛው) ላይ መጀመሪያ የሚማሩትም እነዚሁ አምስቱን ነው። ሌድ ዜፕሊን በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ውስጥ ያለው የጂሚ ፔጅ ሶሎ በአብዛኛው የሚመላለሰው በእነዚህ ላይ ነው። ካንትሪው ደግሞ ወደ ትዝታ ይቀርባል፤ ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲጀመር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ሲሆን፣ ብዙ የአሜሪካ ተራራማ አገር የድሮ ዜማዎችና መዝሙሮች የተሠሩት በዚሁ ነው።

ይህ ግን አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይደለም። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በቻይናም፣ በስኮትላንድም፣ በምዕራብ አፍሪካም አለ። ወደ ሮክ የገባው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ልጆች በፈጠሩት ብሉዝ በኩል ነው፤ ወደ ካንትሪው በአመዛኙ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ በፈለሱ ሰዎች ዘፈን በኩል መጣ፤ የካንትሪው ባንጆ እንኳ ሥሩ አፍሪካዊ ነው።

አጎትህም ቢሆን ያለ ምክንያት አልተናገረም። ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም አካሄዳቸው ይለያያል። ሮኩ ከሥሩ የሚለዋወጥ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አለው፤ ጊታረኛው ክሩን ወደ ላይ ገፍቶ ድምፁን ያጎብጠዋል፤ ምቱም በአራት የሚቆጠር ነው። የእኛ ዘፋኝ ወይም ማሲንቆ መቺ ግን በአንድ ዜማ ላይ ሆኖ ድምፁን ያርገበግባል፣ ያዞራል፤ ብዙው ዘፈናችንም በስድስት ስምንተኛ ምት ይወዛወዛል። አንተ የቀላቀልከው ድምፆቹን ሳይሆን አካሄዱን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። በአምስተኛው ፍሬት ላይ አምስቱን ድምፆች በአራት ምት፣ ክሩን እየገፋህ ለአምስት ደቂቃ ተጫወት። ከዚያ ጊታሩን ሳታስቀምጥ ማሪቱ ለገሰን ወይም ሌላ የምትወደውን የወሎ ዘፋኝ ክፈትና፣ ሳትጫወት እስከ መጨረሻው አዳምጥ፤ ድምፁ የት እንደሚያርፍና የት እንደሚርገበገብ ልብ በል። ቀጥሎ እነዚያኑ አምስት ድምፆች እንደዚያ ለመጫወት ሞክር። ሁለቱን ለይተህ መጫወት ስትችል አጎትህን ጥራውና አንዱን ከሌላው አስከትለህ አሰማው፤ የትኛው ላይ «ቀላቀልከው» እንደሚልህ ጻፍልን።