ነብር ነጠብጣብ ነው ወይስ መስመር ያለው?

ጥያቄ፦ ለልጄ በገዛሁት የእንስሳት መጽሐፍ ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው አውሬ «ነብር» ተብሏል። እናቴ ደግሞ «ኧረ ነብር ነጠብጣብ ነው ያለው!» ትላለች። የቷ ናት ትክክል? አቦሸማኔስ የነብር ዓይነት ነው?

መልስ፦ እናትዎ ትክክል ናቸው። ነብር ባለ ነጠብጣቡ ነው። በግእዝ ነምር፣ በዕብራይስጥ ናሜር ይባላል። ኤርምያስ 13፥23 ላይ ዝንጉርጉርነቱን መለወጥ ይችል እንደሆነ የተጠየቀለትም እሱው ነው። «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» ያሉት አባቶቻችንም የሚያውቁት ይኼንኑ የጫካቸውን አውሬ ነበር።

ባለ መስመሩ የእስያ ነው። ህንድ፣ ሱማትራና የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ይገኛል እንጂ በአፍሪካ ጫካ የለም። አማርኛም ስም ያላወጣለት ስለማያውቀው ነው። ተርጓሚዎች ሲቸግራቸው የነብርን ስም ሰጡት። እኔ «ታይገር» ቢባል እመርጣለሁ። ባዕድ ቃል መዋስ ነውር የለውም፤ የራስን ስም ለሌላ አሳልፎ መስጠት ግን ልጆችን ያደናግራል። ደግሞም ሥጋ ዝምድናው አይፈቅድም። አንበሳ፣ ነብር፣ ታይገር፣ ጃጓርና የበረዶ ነብር ሁሉም ፓንቴራ የሚባል አንድ ወገን ናቸው። በዘረመል ሲታይ ግን ነብር ከታይገር ይልቅ ለአንበሳ ይቀርባል። የበረዶ ነብር የምንለው ደግሞ፣ ስሙ ነብር ይሁን እንጂ፣ የታይገር የቅርብ ዘመድ ነው።

አቦሸማኔ ነብር አይደለም። ከፓንቴራ ወገንም አይደለም። እንደ አንበሳ አያገሳም። ጥፍሩም እንደ ነብር ሙሉ በሙሉ አይሸሸግም፤ ሲሮጥ መሬት የሚቆነጥጥበት ነው። ፊቱን ካዩት አይሳሳቱም፦ ከዓይኑ እስከ አፉ እንደ እንባ የወረደ ጥቁር መስመር አለው። የነብር ነጠብጣብ እንደ አበባ ክብ ሠርቶ መሃሉ ሲፈዝ፣ የአቦሸማኔው ድፍን ጥቁር ነው። አማርኛ ለብቻው ስም ማውጣቱ ደስ ይለኛል፤ አይቶ ለይቶታል።

ግስላን ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙ ሰው ግስላ የሚለው ጥቁሩን ነብር ነው። ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ዝርያው ያው ነብር ነው። አንዲት ነብር በአንድ ጊዜ ዝንጉርጉርም ጥቁርም ልትወልድ ትችላለች። ጥቁሩን ፀሐይ ላይ ልብ ብለው ቢያዩት ነጠብጣቡ ከሥር ይታያል።

ለልጅዎ መጽሐፍ እርሳስ ያንሱና ከሥዕሉ ሥር «ታይገር» ብለው ይጻፉበት። ነብሩን አያትየው ያሳዩት።