ስንት ካፒታል ይበቃኛል ላለኝ ወጣት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ቤልጅየም አንትወርፕ ሄጄ አልማዝ ለመነገድ ስንት ካፒታል ይበቃኛል?" አለኝ። መልስ አጣሁለት። እሱ ስለ ገንዘብ ሲጠይቀኝ እኔ አንድ ሽማግሌ ደላላ ትዝ አሉኝ። ሐሳቡ ያላችሁ ሌሎችም ስላላችሁ ለሁላችሁም ልጻፈው።

የአንትወርፕ የአልማዝ ሰፈር ትንሽ ነው። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ ሆቨኒርስስትራት ትደርሳላችሁ። ፖሊስና ካሜራ የማይለየው መንገድ ነው። ፔሊካንስትራት ላይ የምታዩት የሚያብረቀርቅ መስኮት ለአላፊ አግዳሚው ነው። ዋናው ገበያ ያለው ፎቅ ላይ ባሉት ቢሮዎችና ቦርስ በሚባሉት፣ አባል ብቻ በሚነግድባቸው የአልማዝ ገበያዎች ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 መገባደጃ ላይ እዚያ ሰፈር ለአንድ ነጋዴ አልማዝ በቀለምና በጥራት እየለየሁ እሠራ ነበር። ያ ደላላ አንድ ቀን የተጠረቡ ድንጋዮች በታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። አይሁዳዊ ናቸው፤ ጥቁር ኮታቸውን በበጋም አያወልቁም። ድንጋይ እንዳይሾልክ ወረቀት እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጣቴን ይዘው ነው ያሳዩኝ። እስከ ዛሬ የመድኃኒት ዱቄት እንኳ የማጥፈው እንደዚያ ነው።

አለቃዬ ድንጋዮቹን በሉፕ፣ በትንሿ የአልማዝ አጉሊ መነጽር፣ አየና ዋጋ ሰጠ። ደላላው ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተው አሸጉት። ዋጋውና የመክፈያው ቀን ፖስታው ላይ ተጻፈ፤ ተፈረመ። ይሄ ካሼ ይባላል። ካሼ ከታሸገ ሻጩ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ዕቃውን ለሌላ ገዢ አያሳይም። በማግስቱ ሻጩ ተስማማ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡና "ማዛል ኡብራኻ" ተባባሉ፤ በዕብራይስጥ ዕድልና በረከት ማለት ነው። በቃ፣ ተሸጠ። ጠበቃ የለ፣ የውል ሰነድ የለ።

ከዚያ የዓለም የገንዘብ ቀውሱ ባሰ። የአልማዝ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ወረደ። የመክፈያው ቀን ሲደርስ አለቃዬ "በዚያ ዋጋ አልወስድም" አለ። ሻጩ ቦርሱ ዘንድ መክሰስ ይችል ነበር። ቦርሶቹ የራሳቸው የግልግል ዳኞች አሏቸው። ውሳኔውን አልቀበልም ያለ አባል ይባረራል፤ ወሬው እስከ ሌሎች አገሮች ቦርሶች ይደርሳል። ሽማግሌው ግን ነገሩ እዚያ እንዲደርስ አልፈለጉም። አለቃዬ ቢሮ ገብተው በሩ ተዘጋ። ረጅም ሰዓት ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። አለቃዬ በቀነሰው ዋጋ ከፈለ። ሻጩም ዝም አለ። እኔ ሻጩ የተሸነፈ መስሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሻጩን ቡና ቤት አገኘሁትና ያንን ነገር አነሳሁበት። "እኔ እኮ ሙሉ ዋጋዬን ነው የተቀበልኩት" አለኝ። ልዩነቱን የከፈሉት ደላላው ነበሩ። ከራሳቸው ኪስ። ኮሚሽናቸውንም ትተዋል። ሽያጩ የተቋጨው በእሳቸው አፍ ስለሆነ ቃሉ እንዲታጠፍ አልፈለጉም። ይህን ስሰማ እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንድ ቃል ሳልላቸው ቀረሁ። እስከ አሁን ይቆጨኛል።

እንግዲህ ስንት ካፒታል ለሚለው፣ ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ያውቅሃል የሚለው ነው። ቦርስ አባል ለመሆን ነባር አባላት ዋስ ይሆኑላችኋል፤ ፎቷችሁ ይለጠፋል፤ ተቃውሞ ያለው ይናገራል።

ግን ሌላም ነገር ልበል። ያ የመተማመን ንግድ ብዙ ክፉ ነገርም ሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአንጎላና ከሴራሊዮን ጦርነት የወጣ ድንጋይ በዚሁ ሰፈር ሲያልፍ ጠያቂ አልነበረውም። ጥሬ አልማዝ ከእንዲህ ዓይነት ጦርነት እንዳልወጣ የሚያረጋግጠው የኪምበርሊ የምስክር ወረቀት አሠራር በ2003 የጀመረው በዚያ ምክንያት ነው። ዛሬ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣም የሚሄድም እሽግ ዳይመንድ ኦፊስ በሚባለው የአንትወርፕ መቆጣጠሪያ ቢሮ ተከፍቶ በባለሙያ ይታያል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የሩሲያ አልማዝ ታግዷል። ነጋዴው በወረቀት ብዛት ያማርራል። እኔ ወረቀቱን እደግፋለሁ። ሽማግሌው ቢኖሩ የሚከራከሩኝ ይመስለኛል።

የዛሬ ልጆች ድንጋዩን ሳያዩ በስልክ የጥራት ምስክር ወረቀቱን ብቻ አይተው ይገዛሉ። ይሄ አይዋጥልኝም። በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝ በሉፕ አይለይም፤ መሣሪያ ይፈልጋል። ጥቃቅኖቹ ከተፈጥሮው ጋር ተቀላቅለው ሲሸጡም ተገኝተዋል። በተረፈ ከእኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ፤ እኛ በናንተ ዕድሜ የሕንዷን ከተማ የሱራትን ስም እንኳ አናውቅም ነበር። ዛሬ የዓለም አልማዝ አብዛኛው የሚጠረበው እዚያ ነው።

ሱራት ካለችበት ክልል ከጉጃራት የመጡትን ሕንዶች ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንትወርፕ መምጣት ሲጀምሩ ሌላው የናቀውን ትንንሽና ርካሽ ድንጋይ ነበር የሚገዙት። ዛሬ የሰፈሩን ንግድ አብዛኛውን የያዙት እነሱ ናቸው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። መጀመሪያ ለሌላ ሰው ጥቃቅኑን ለዩ። ቀለም በሰሜን መስኮት ብርሃን መለየት ልመዱ። ደላሎቹ ሲገቡና ሲወጡ ስማቸውን ያዙ፤ ማን በቀኑ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያጓትት አዳምጡ። ዱባይ ይሻላል የሚሏችሁም አሉ። እውነት ነው፣ በጥሬው አልማዝ ዱባይ ዛሬ ትልቅ ገበያ ሆናለች። የራሱን ገንዘብ ይዞ ለሚሄድ እኔም ዱባይን አልከለክልም። ሙያውን ለመማር ከሆነ ግን ሆቨኒርስስትራት ሂዱ።