ዘር የምትለዋ ቃል

ልጆቼ፣

የዘረመል ሕክምና ልትማሩ የምታስቡ "ከምን እንጀምር?" ትሉኛላችሁ። የማሽን ስም እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ መሰለኝ። እኔ ግን የቤተሰብ የዘር ሐረግ የምትስሉበት እርሳስና ላጲስ ግዙ ነው የምላችሁ። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ፤ የታመመው ይጠቁራል፤ ዘመዳሞች ከተጋቡ በመካከላቸው ሁለት መስመር ይሰመራል። የላጲሱን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ሥራ ሳይማሩ ያውቁታል። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ማን ከማን እንደተወለደ፣ የማን ልጅ በሕፃንነቱ እንደሞተ በቃሉ ይዞታል። አንዳንድ የዘር በሽታ የሚወጣው አንድ ዓይነት ጉድለት ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ነው፤ ይህም በዘመዳሞች ልጅ ላይ ይበረታል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካገኛችሁ ከቤተ ሙከራው በፊት እሱ ዘንድ ቁጭ በሉ።

የእኔ ዕድሜ ያለቀው በዝሆኔ ላይ ነው። ትንኝ የምታመጣውን ማለቴ አይደለም፤ ከአፈር የሚመጣውን ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ዓመታት የሠራ ሰው፣ ደቃቁ ብናኝ በቆዳው ገብቶ ሊምፍ የተባለው የሰውነት ፈሳሽ የሚሄድበትን መተላለፊያ ያቆጣውና እግሩ ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከአፈሩ ጋር ያያያዘው እዚሁ አገራችን ሠርቶ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። በአንድ ማሳ ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ሲያብጥ ሌላው ለምን ደህና ይሆናል?

መልሱ ከወላይታ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የ59 ቤተሰቦች ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ የሰውነትን መከላከያ በሚመራው ኤችኤልኤ በተባለው የዘረመል ክፍል ላይ ከበሽታው ጋር የተያያዘ ልዩነት አገኙ። እንዲህ ያለ ግኝት ስታነቡ ደስ ይላችኋል፤ እኔንም ደስ ብሎኛል። ችግሩ ያለው ወደ መንደር ይዛችሁት ስትሄዱ ነው።

አንድ ጊዜ በእንሰት ጥላ ሥር ሐረግ ስስል ጎረቤቱ ሁሉ ከቦን ነበር። ሰው ራቅ እንዲል መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። አባትየው "ምን አገኘህ?" ሲሉኝ "በዘር ይተላለፋል" አልኳቸው። እውነት ተናገርኩ ብዬ ሄድኩ። ዘር ግን በእኛ አፍ የሚዘራውም ነው፣ ወገንም ነው፣ ጎሳም ነው፤ አስተርጓሚው የቱን እንደወሰደ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሌላ ጊዜ ስመለስ የቤቱ ልጅ እጮኝነት ፈርሶ ጠበቀኝ። እግሯ ላይ አንዳች ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የምለው ሌላ ነው፤ "ይህ አፈር ለእናንተ እግር አይስማማውም። ልጁ መሄድ ሲጀምር ጫማ አድርጉለት፣ ማታ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት።" ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው ይህን ሰምቶ የሚሸሽ አይመስለኝም። ከሳይንሱም የቀነስኩት የለም፤ የተወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፣ ያለ አፈሩ እግሩ አያብጥም።

ወደ ላጲሱ ልመለስ። በመጀመሪያው ቀን የሚነገራችሁ ሐረግ መቼም ሙሉ አይሆንም። እናት አማቷ ባለችበት የሞተባትን ሕፃን አትቆጥርም፤ ያበጠ እግር ያለው ዘመድ ደግሞ "ሩቅ አገር ነው" ይባላል። አትቆጡ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ሂዱ፣ ቡናውን ጠጡ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ከቦርሳ አታውጡ። በአንድ ቤት "አዲስ አበባ ገብቷል" የተባልኩትን አጎት በሦስተኛው ጉዞዬ አያትየው እጄን ይዘው አሳዩኝ። አጎትየው ከጓሮ ባለችው ጎጆ፣ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠው ነበር። ባዶውን አራት ማዕዘን አጥፍቼ አጠቆርኩት። ከዚያ ውሃና ሳሙና አስመጥቼ እግራቸውን አጠብኩ።