እሁድ ደሴ ለምትወጡ፦ ኳሷን ወደ ውጪ እንዳትጠልዟት

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «እሁድ 9 ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥተን ከነዚያ የላይ ሰፈር ልጆች ጋር የክረምቱን ውድድር ሩብ ፍጻሜ እንጫወታለን፤ የገጠማቸው ካለ በምን እንደሚጠነክሩና በየት በኩል እንደሚበሉ ይንገረኝ» ብለሃል። ከሥር የመለሱልህንም አነበብኩ። አንዱ «ፈጣን ናቸው» ይላል። ፈጣን አይደሉም። ሌላው «ጸልዩ» ብሎሃል። እሱን እንኳ ተቀበለው።

እኔ ሁለት ዓመት አከታትዬ ገጥሜያቸዋለሁ። ካቻምና 3 ለ 1 ሸኙን። አምና 1 ለ 0 ረትተናቸው ጡሩምባ እየነፋን ወረድን። እናንተም እንደኛ ናችሁ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ማለትም አሰልጣኝ የላችሁም፣ አምበሉ ነው ሁሉን የሚሠራው፣ ታኬታ የሚዋዋሱ ሁለት ልጆች አሉ። ስለ ማሟሟቅና ስለ ውሃ አልነግርህም፣ ሕፃን አይደለህም።

1. በአየሩ አታሳብቡ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ 1,850 ገደማ ላይ ነን። ልዩነቱ ይሰማል፣ አልዋሽህም፤ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ላይ ደረትህ ይጠብቃል። ረጅም ኳስ ስትመታም ከለመድከው ትንሽ ትርቃለች፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል። ግን ማራዶና አሰልጣኝ ሆኖ፣ ሜሲን አሰልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በቦሊቪያ 6 ለ 1 የተሸነፈው ላፓዝ ላይ ነው። ላፓዝ 3,600 ሜትር ላይ ነች። ደሴ ላፓዝ አይደለችም። «ሁለት ቀን ቀድመን ወጥተን አየሩን እንልመድ» የሚላችሁ ካለ ብራችሁን አታባክኑ። ሰውነት በሁለት ቀን አይለምድም፣ ሳምንታት ነው የሚፈልገው። ጠዋት ምን እንደምትበሉ ግን ተጠንቀቁ። ካቻምና ጥብስ በልተን ተነሳን። ሐረጎን ስንወጣ፣ ያ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ፣ ሁለት ልጆች በሚኒባሱ መስኮት አስመለሱ። አንዱ በረኛችን ነበር። የጥብሱን ሒሳብ የከፈልኩት ደግሞ እኔ።

2. ውርወራው። ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትዘለው እንኳ ይቺን አንብብ።

ቀኝ ተመላላሻቸው፣ ማለትም በቀኝ ዳር የሚከላከለው፣ 2 ቁጥር ነው። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ። ስታየው ምንም አይመስልህም። ይሄ ልጅ በእጁ የሚወረውራት ኳስ የማዕዘን ምት ማለት ናት። ከመሐል ሜዳ ትንሽ አለፍ ካለ ቦታ ወርውሮ ፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ጋ ያደርሳታል። እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ሲቲ የሚባለው ቡድን ሮሪ ዴላፕ የሚባል እንዲህ ያለ ወርዋሪ ነበረው፣ ታስታውስ ይሆናል። ልጅ እያለ ጦር ወርዋሪ ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የሃል ሲቲ በረኛ ኳሷን ወደ ጎን አውጥቶ ለዴላፕ ውርወራ ከሚሰጥ፣ ሆን ብሎ ወደ ኋላ አውጥቶ የማዕዘን ምት ሰጥቷቸዋል። ያኔ ስቀን ነበር። ካቻምና ደሴ ላይ ሳቄን መለስኩት።

እኛ ያን ሳምንት ሙሉ የተለማመድነው ምን መሰለህ? የኦፍሳይድ ወጥመድ፣ ማለትም ተከላካዮች አብረው ወደ ፊት ወጥተው አጥቂውን ከኋላቸው ማስቀረት። 9 ቁጥራቸው ረጅም ነው፣ ቴስታ ይችላል፣ ግን ከባድ ነው። «መስመር ጠብቀን አንድ ላይ ብንወጣ ሁልጊዜ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል» አልኩ። ሐሳቡ የኔ ነው፣ በማንም አላሳብብም። አምስት ቀን ማታ ማታ ቦርከና ወንዝ ዳር በጭቃው ውስጥ «ውጡ!» ስል አራቱ ተከላካዮች አብረው ሲወጡ ብታያቸው የወታደር ሰልፍ ነው የሚመስሉት።

11ኛው ደቂቃ ላይ ግራ ተከላካያችን ተጨነቀና ኳሷን ወደ ውጪ ጠለዛት። «ጎበዝ!» ብዬ አጨበጨብኩለት። ከተመልካቹ መሐል አንድ ትንሽ ልጅ ፎጣ ይዞ ሮጠ። 2 ቁጥሩ ኳሷን ተረጋግቶ አደረቃት፣ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ «ውጡ!» አልኩ። ወጡ። ምን የመሰለ አወጣጥ! 9 ቁጥሩ ብቻውን በረኛችን ፊት ቀረ። በግንባሩ ነካ አደረጋት፣ ገባች። እኛ አራት ተከላካይና አንድ አምበል እጃችንን ሰቅለን ቆመናል። ተመልካቹ ይስቃል። ወደ አራጋቢው ሮጥኩ፣ ባንዲራውን ልቀማው ምንም አልቀረኝም። «ኦፍሳይድ ነው! አይታይህም?» አልኩት። ሸበት ያለ ሰውዬ ነው። ድምፁን እንኳ ሳይጨምር «ልጄ፣ በእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ የለም» አለኝ።

የለም። 14 ዓመት ኳስ ተጫውቼ፣ ማታ ማታ የአርሰናልን ጨዋታ ስተነትን እያመሸሁ፣ አላውቅም ነበር። ቢጫ ካርድም ተጨመረልኝ። ቤቴ ገብቼ ነው ሕጉን ፈልጌ ያነበብኩት፦ በቀጥታ ከእጅ ውርወራ፣ ከግብ ምትና ከማዕዘን ምት የመጣ ኳስ ኦፍሳይድ የለውም። ሁለተኛው ጎልም በዚያው መንገድ ገባ፣ በ30ኛው ደቂቃ አካባቢ። ልጆቹ ወጥመዱን ስለለመዱት እግራቸው በራሱ ይወጣል! «ተዉት አትውጡ» ብል ማን ይሰማኛል፣ ሳምንት ሙሉ እኔው አስተምሬያቸው። ሦስተኛው ሪጎሬ ነው፣ ስለ እሱ አላወራም። አልነካውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሆዴ ስላረረ ነው። ያን ቀን ረጅሙ የመሐል ተከላካያችን ቢኖር እነዚያን ኳሶች እየገጨ ያወጣቸው ነበር። አልተጫወተም። ለምን? የምዝገባ ፎርሙን ማህተም የሚያደርግልን ቢሮ ሦስት ጊዜ መለሰን። መጀመሪያ «ፎቶው የቆየ ነው» ተባለ። ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»። በሦስተኛው ቀን ማህተሙ ተመታ፣ ፎርሙን በኪሳችን ይዘን ወጣን፣ ደሴ ዝናብ ተቀበለን፣ ቀለሙ ፈሶ ክቡ ማህተም የቡና ስኒ ግርጌ መስሎ ቀረ። ሜዳው በር ላይ «ይሄ አይነበብም» ብለው ልጁን አስቀሩት። ቢሮው ጋ ስልክ ደወልን። ያነሳችው ሴትዮ «እሁድ እኮ ነው፣ አታፍሩም?» ብላ ዘጋችው። ውድድሩን እሁድ ያደረጉት እነሱ! ስለዚህ ፎርማችሁን በፌስታል አይደለም፣ በደንብ በሚዘጋ ፕላስቲክ ያዙት። ሁለት ኮፒ ጨምሩ። መታወቂያ ዋናውን። የማንም መታወቂያ ጊዜው አልፎ እንደሆነ ዛሬውኑ እዩት።

3. ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ አምና ምን እንዳደረግን።

መጀመሪያ ነገር ኳስ ወደ ጎን ማውጣት ክልክል ነው አልን። በረኛ ጋ መልስ፣ አጥቂ ላይ ጠልዝ፣ የግድ ከሆነ ወደ ኋላ አውጥተህ የማዕዘን ምት ስጥ። የማዕዘን ምታቸው ደካማ ነው፤ የሚመታው 10 ቁጥራቸው አብዶ መሥራት፣ ሰው ማታለል እንጂ ኳስ ማሻገር አያውቅም። በመጀመሪያው አጋማሽ አራት ውርወራ ብቻ ነው የሰጠናቸው፣ ካቻምና መቁጠሩ ራሱ ያደክም ነበር።

ውርወራ ሲያገኙ ደግሞ አትውጡ፣ አትሳቡም። 9 ቁጥሩን ለአንድ ሰው አትስጡት፤ አንዱ ከፊቱ፣ አንዱ ከኋላው ይቁም። ከፊት ያለው ኳሷን ለማግኘት ሳይሆን እንዳይዘል ለማወክ ነው የሚዘለው። በእጅ መግፋት የለም፣ ዳኞቹ ያችን ያያሉ። 9 ቁጥሩ እንደኛ ብቻውን ካልተዋችሁት በቀር ራሱ ጎል ለማግባት አይመታትም፣ ወደ ኋላ ያሳልፋታል፤ ከኋላ ዘግይቶ የሚደርሰው 8 ቁጥር ነው አደገኛው። ስለዚህ ፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ላይ አንድ አማካይ ተክላችሁ ተዉት፣ ከዚያ እንዳይነቃነቅ። በወርዋሪው ፊት ደግሞ ዝላይ የሚችል ልጅ አቁሙ። ሕጉ 2 ሜትር ራቅ በል ነው የሚለው፤ የኛው ልጅ ከግማሽ በታች ቀርቦ ሲያጨበጭብበት ዳኛው ሊያስጠነቅቀው መጣ። ቆጥራችሁ ቁሙ።

አሁን ድክመታቸው። ወንድሜ፣ ይሄን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ካቻምና ጉልበቱ ታሞ ዳር ቁጭ ብሎ ነበር ያየው፣ እኛ ስንናደድ እሱ እያሰበ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ዝም ባለበት «እንትና፣ ልጁ እኮ ቀኝ ተመላላሽ ነው» አለኝ። እና? «በግራ በኩል ያለውንም ውርወራ የሚወረውረው እሱ ነው።»

ገባህ? ሌላ ወርዋሪ የላቸውም። ኳሷ በግራ መስመር ስትወጣ ይሄ ልጅ ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ ይመጣል። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮችም ለቴስታ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ወርውሮ እስኪመለስ ድረስ የነሱ ቀኝ በኩል ባዶ ነው፣ በግ ብታሰማራበት የሚከለክልህ የለም። የነሱ ቀኝ ደግሞ የናንተ ግራ ነው። አምና በጣም ፈጣኑን ልጃችንን፣ በመከላከል ምንም የማይጠቅመውን፣ ግራ መስመር ላይ መሐል ሜዳ ጋ አቆምነውና «ጎላችን ቢቃጠል እንኳ እንዳትመለስ» አልነው። ተመልካቹ «ሰነፍ!» እያለ ሰደበው። 63ኛው ደቂቃ ላይ ከግራ ወረወሩ፣ በረኛችን ያዛት፣ አልጠለዛትም፣ በእጁ ወደዚያ ባዶ ሜዳ አንከባለለለት። ልጁ በረኛቸውን እንጂ ሌላ ሰው አላገኘም። 2 ቁጥሩ ከማዶ ሲሮጥ አየሁት፣ አሳዘነኝ ማለት አልችልም።

ቀሪውን ቶሎ ልበልልህ። አማካዮቻቸው ተራ ናቸው። በረኛቸው ዝቅ ብላ የምትመጣ እርጥብ ኳስ ከእጁ ታመልጠዋለች፣ ከሩቅም ቢሆን ምቱ፣ ተከታትላችሁ ድረሱ። አምበላቸው አፈኛ ነው፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀትና ስለ ወባ ሲቀልድባችሁ ነው የሚውለው፤ ሳቁለት። በረኛችሁ ከግብ ምት ሲጀምር አይጠልዝ፣ 9 ቁጥራቸው ተከላካይ ለማሳደድ አይሮጥም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ለቆመ የራስህ ተጫዋች አጭር መስጠት ይቻላል፣ ኳሷ ከሳጥን እስክትወጣ መጠበቅ ቀርቷል። ይሄንንም የማያውቅ ዳኛ ካጋጠማችሁ በትሕትና አስረዱት። እንደኔ አትሁኑ።

ሳንቲም ካሸነፋችሁ ኳስ መጀመር ይቅርባችሁና ጎል ምረጡ። ሜዳው ወደ ታች ዘመም ያለ ነው፤ መጀመሪያ የላይኛውን ጎል ያዙ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ትንፋሻችሁ ገና አየሩን እየታገለ እያለ ቁልቁል ታጠቃላችሁ። ሁለተኛ፣ ክረምት ላይ ከ10 ሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ቀድሞ የሚሸፍነው ላይኛውን ጎል ነው። በረኛችሁ ያኔ እዚያ ከሆነ ውርወራዋ ከደመና ውስጥ ነው የምትመጣበት። በሁለተኛው አጋማሽ ሽቅብ ማጥቃት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ያኔ የሚሮጠው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

አሰላለፋችሁን እዚህ እንዳትለጥፍ። ከነሱ ሁለት ልጆች እዚሁ ግሩፕ ውስጥ አሉ፣ አንደኛው የአምበሉ የአክስት ልጅ ነው። በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ማታ አየዋለሁ። ይሄን የጻፍኩትንም እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ያንብቡት። በግራ በኩል ሌላ ሰው እንዲወረውር ቢያደርጉ ኳሷ አሥር ሜትር አትደርስም፣ ያው 2 ቁጥሩን ከላኩት ደግሞ ቀኙ ባዶ ነው። ፎጣውን ለማን እንደሚሰጡት እሁድ እናያለን። እኔም በጠዋት ሚኒባስ እመጣለሁ፣ ለአንድ ሰው ቦታ ካላችሁ።