ጥምጣሙ፣ አምባሩና ጩቤው፦ ስለ ሲኮች የጠየቃችሁኝ

ዱባይ ከሲክ ቤተሰብ ጋር ለዓመታት በጉርብትና ስለኖርኩ «ስለ እምነታቸው ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጥምጣም ያስራሉ፤ ሙስሊሞች ናቸው?
አይደሉም። ሲክ ጉሩ (መምህር) ናናክ በህንድ ክፍለ አህጉር፣ ፑንጃብ በሚባለው አካባቢ የመሠረቱት ራሱን የቻለ እምነት ነው። ጥምጣሙ ያልተቆረጠውን ጸጉር ይሸፍናል። ጸጉሩ ኬሽ ይባላል፤ ፈጣሪ የሰጠውን እንዳለ መቀበል ነው። ካንጋ የምትባል የእንጨት ማበጠሪያም አብራ ትኖራለች። ጸጉር አይቆረጥም ማለት ይንጨባረር ማለት አይደለምና። ጥምጣም ያለፈቃድ መንካት ትልቅ ነውር ነው፤ ልጆቻችሁን ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አምስቱ ምልክቶች ከየት መጡ?
እ.ኤ.አ. በ1675 የሲኮች መሪ ጉሩ ቴግ ባሃዱር ህንድን ይገዙ በነበሩት ሙጋሎች ትእዛዝ ዴልሂ ላይ አንገታቸው ተቀላ። በ1699 ልጃቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ አናንድፑር ላይ ሕዝቡን ሰበሰቡ። ሰይፍ መዘው «ራሱን የሚሰጠኝ ማን ነው?» አሉ። አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ። በሰይፍ የተማሰለ ስኳር ያለበት ውሃ አጠጥተው ኻልሳ ወደተባለው ማኅበር አስገቧቸው። ቀጥሎ የሆነውን ሳስበው ሁሌም ልቤን ይነካኛል። ጉሩው ራሳቸው ጎንበስ ብለው «እኔንም አስገቡኝ» አሏቸው። መምህሩ ከተማሪዎቹ እጅ ጠጡ! ኻልሳ የገባ ሁሉ አምስቱን ምልክቶች ማለትም ያልተቆረጠ ጸጉር፣ ማበጠሪያ፣ አምባር፣ ቁምጣና ጩቤ እንዲይዝ የታዘዘው ያኔ ነው ይባላል።

ጥያቄ፦ የብረት አምባሩ እንደ ማተብ ነው?
እምነትን በማሳየቱ ይመሳሰላል። ካራ ይሉታል። ክብ ነው፤ እንደ ፈጣሪ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። እጅ ላይ የሚውለውም እጅህ ክፉ ሊሠራ ሲል እንድታየው ነው። ካቼራ ደግሞ ከውስጥ የሚለበስ ቁምጣ ነው፤ ራስን የመግዛት ምልክት።

ጥያቄ፦ ጩቤ መያዝ አያስፈራም?
ጩቤው ኪርፓን ይባላል። ለማስፈራራት አይደለም፤ ለተጠቃ ሰው የመቆም ግዴታ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ተማሪ በልብሱ ውስጥ አሰፍቶ ትምህርት ቤት ይዞት እንዲገባ ፈቅዷል። አውሮፕላን ላይ ግን በብዙ አገሮች ይዞ መሳፈር አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሲክ አምስቱን ይይዛል?
ግዴታው ኻልሳ ለገቡት ነው። ጎረቤቴ ጸጉሩን ይቆረጥ ነበር፤ ካራውን ግን አውልቆ አያውቅም።

ጥያቄ፦ እኛስ ቤተ እምነታቸው መግባት እንችላለን?
በደንብ! እዚያው ዱባይ፣ ጀበል አሊ በሚባለው ሰፈር ትልቅ ጉርድዋራ (ቤተ እምነታቸው) አለ። ጫማ አውልቁ፤ ሴትም ወንድም ራሱን ይሸፍን። ለእናንተ ነጠላ ይበቃል። ምግቡ ለሁሉም በነጻ ነው፣ ሥጋም የለበትም። ወለል ላይ ከሰዉ ጋር ተደርድራችሁ ተቀመጡ። የምስር ወጣችንን የሚመስል ዳል ከቂጣ ጋር ይመጣላችኋል።