የበረራ አስተማሪነት ወደ አየር መንገድ የሚያደርስ አቋራጭ ነውን?

ውድ እኅቴ፣

ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ትምህርትሽን ዘንድሮ እንደምታጠናቅቂ፣ አሜሪካ የሚኖሩት አጎትሽ የበረራ ትምህርት ቤት ክፍያ ሊሸፍኑልሽ እንደፈቀዱ፣ ጓደኞችሽም «መጀመሪያ የበረራ አስተማሪ ሁኚ፤ እያስተማርሽ 1,500 ሰዓት ስታጠራቅሚ የትኛውም አየር መንገድ ይቀበልሻል» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። መነፅር ማድረግሽ እንቅፋት እንዳይሆንብሽም ሰግተሻል።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት እሱ ነውና። በአብራሪነት ተቀጥሮ ለመሥራት አንደኛ ደረጃ የሚባለው የሕክምና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 (ጤናማ ዓይን ከዘጠኝ ሜትር የሚያየውን ከስድስት ሜትር)፣ ሁለቱ በአንድነት ደግሞ 6/6 ማየት ይኖርባቸዋል። ይህ እይታ የሚገኘው በመነፅር ቢሆንም ተቀባይነት አለው፤ ሆኖም በምትበሪበት ጊዜ ሁሉ መነፅሩን ማድረግና ትርፍ መነፅር ከአጠገብሽ አለማራቅ ግዴታሽ ይሆናል። ስለዚህ መነፅርሽ ብቻውን ከመንገድ አያስቀርሽም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀለም የመለየት ፈተናው ነው። ከዓመታት በፊት ያማከርሁት አንድ የሐረር ወጣት፣ ቤተሰቡ መሬት ሸጦ ቅድመ ክፍያውን ከላከለት በኋላ፣ በባለ ቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ተሳነው። ቀይና አረንጓዴ እንደሚምታታበት እስከዚያች ቀን ድረስ አያውቅም ነበር፤ ገንዘቡም አልተመለሰለትም። ይህ ችግር በሴቶች ላይ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ምርመራውን ሳታደርጊ አንድ ብር እንኳ እንዳይከፈል አጥብቄ እለምንሻለሁ።

ወደ ፈቃዶቹ ስንመጣ፣ በዚሁ ዓለም አቀፍ መስፈርት የግል አብራሪ ፈቃድ በ17 ዓመትና በ40 የበረራ ሰዓት ይገኛል፤ በእርሱ ግን ደመወዝ አይበላም። የንግድ አብራሪ ፈቃድ 18 ዓመትና 200 ሰዓት ይጠይቃል፤ ሥልጠናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት በተከታታይ ከተሰጠ 150 ሰዓት ይበቃል። የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው 21 ዓመት ለሞላውና 1,500 ሰዓት ለበረረ ሲሆን፣ ከሰዓቱ ውስጥ 100 የሌሊት በረራ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ የሬዲዮ ንግግርም ቢያንስ አራተኛውን ደረጃ ማግኘት፣ በዚያ ደረጃ ላይ እስካለሽ ድረስም በየሦስት ዓመቱ እንደገና መፈተን ይኖርብሻል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እያፈራረቀ ላደገ የድሬ ልጅ ይህ የሚከብድ አይመስለኝም።

የጓደኞችሽ ምክር የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት 1,500 ሰዓቱ በዋናነት የሚያስፈልገው በአየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ካፒቴን ለሚሆን ሰው ነው። ረዳት አብራሪ የንግድ አብራሪ ፈቃድ፣ ውጭውን ሳያዩ በአውሮፕላኑ መሣሪያዎች ብቻ የመብረር ብቃትና በሚያበረው አውሮፕላን ዓይነት ላይ የተሰጠ ሥልጠና ይዞ መቀመጥ ይችላል። ረዳት አብራሪውም ጭምር የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ እንዲይዝ ያስገደደችው አሜሪካ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው አገር በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ከደረሰው የመንገደኞች አውሮፕላን አደጋ በኋላ ሕጉ ተጠንቶ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ አገር ወጣት አብራሪዎች ሰዓት ለመሙላት ሲሉ ወደ አስተማሪነት የሚጎርፉትም በዚህ ምክንያት ነው። አንቺ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት የምትፈልጊ ከሆነ፣ የሌላ አገር ሕግ የወለደውን መንገድ እንደ ብቸኛ መንገድ ልትወስጂው አይገባም። የተማሪ ቪዛም እንዳሻሽ ተቀጥረሽ ለማስተማር የሚያበቃ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ሥራ እንደሚሰጥሽ ቃል ከገባ፣ በየትኛው የቪዛ ዓይነት እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዳ።

አስተማሪነትን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ማየትሽም ከልብ ያሳስበኛል። አስተማሪው በቀኝ ወንበር ተቀምጦ፣ በግራ ያለው ተማሪ ሲሳሳት እጁን ከመሪው አርቆ መታገሥን፣ ስሕተቱ አደጋ ሊሆን ሲቃረብ ደግሞ ሳይዘገይ መረከብን ማወቅ አለበት። ለዚህም ከንግድ አብራሪ ፈቃድ በላይ የማስተማር ዘዴ ፈተናና በሌላ አስተማሪ ክትትል ሥር የማስተማር ልምምድ ይጠየቃል። የከተማችንን አውሮፕላን ማረፊያ አስቢ፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,800 ጫማ ገደማ ላይ ይገኛል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ በደረሰበት የግንቦት ከሰዓት በኋላ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከ7,000 ጫማ በላይ ባለ ሜዳ ላይ እንደቆመች ትሆናለች፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይል ይቀንሳል፣ ለመነሣትም ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋታል። ጠዋት ያለ ችግር የተነሣ ተማሪ ከሰዓት በኋላም ያው ይመስለዋል። ስሌቱን ቁጭ ብሎ በወረቀት የሚያሠራው አስተማሪ ሕይወት ያድናል፤ ሐሳቡ በሚሞላው ሰዓት ላይ ብቻ ያረፈ አስተማሪ ግን ይህን የሚያልፈው ይመስለኛል። ማስተማር የምትወጂ ከሆነ፣ ሙያው ራሱን ችሎ የሚመረጥ ነው።

ውጭ አገር ለመማር ከወሰንሽ ደግሞ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል የሆነውን የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 32ን አስታውሺ፦ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የተሰማራ አብራሪ፣ አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የሰጠውን ወይም ያጸደቀለትን ፈቃድ መያዝ አለበት። በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን ለማብረር እንግዲህ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድሽን ሊያጸድቅልሽ ወይም የራሱን ሊሰጥሽ ይገባል። አጎትሽ ትምህርት ቤቱን ከመምረጣቸው በፊት፣ ፈቃዱ እንዴት እንደሚለወጥና የትኞቹን ፈተናዎች በድጋሚ እንደምትፈተኚ ከባለሥልጣኑ ጠይቂ። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣቸውን የሠልጣኝ አብራሪዎች ማስታወቂያዎችም ተከታተዪ፤ የዕድሜ፣ የቁመትና የትምህርት መስፈርቱን ከራሱ ከማስታወቂያው እንጂ ከሰው አፍ አትውሰጂ።

አሁን ማድረግ ያለብሽ፣ ባለሥልጣኑ እውቅና የሰጣቸውን የአቪዬሽን ሐኪሞች ዝርዝር ጠይቀሽ ቀጠሮ መያዝ ነው። የመነፅርሽን የመጨረሻ የሐኪም ማዘዣ ይዘሽ ሂጂ፤ የምትወስጂው መድኃኒት ወይም ያለፈ ቀዶ ሕክምና ካለም ሳትደብቂ ለሐኪሙ ተናገሪ። ውጤቱ እስኪደርስሽ ድረስ አጎትሽ ገንዘቡን ከእጃቸው አያውጡ።