መልስ፦ ፈንጣጣ ሲጠፋ ኩፍኝ ለምን ቀረ?

ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው ብቻ ነው የሚተላለፉት፤ ታዲያ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ለምን ቀረ ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ኩፍኝ ሽፍታው ሳይወጣ ከ4 ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። ማን እንደያዘው ሳታውቅ ሰፈሩን ያዳርሳል። የፈንጣጣ ቫይረስ ግን በአብዛኛው የሚጋባው ሽፍታው ከወጣ በኋላ ነው። በሽተኛው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እሱን ለይቶ በዙሪያው ያሉትን መከተብ በቂ ነበር። ቫይረሱ ከነካህ በ3 ቀን ውስጥ ብትከተብ እንኳ ብዙ ጊዜ ያድንሃል። ክትባቱም ደረቅ ዱቄት ስለነበር ሙቀት ቶሎ አያበላሸውም። ጫፏ ሹካ በምትመስል መርፌ ክንድን 15 ጊዜ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው፣ አለቀ።

ቀላል ነበር ማለቴ ግን አይደለም። እኛ አገር ዘመቻው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር በብዛት የነበረው ቀለል ያለው ዓይነት ነው፤ ከ100 ታማሚ ቢገድል 1 ወይም 2 ነው። ከባዱ 30 ገደማ ይገድል ነበር። እናም «ለዚህ ብዬ ነው የምወጋው?» የሚለው ብዙ ነበር። አይፈረድበትም። የመጨረሻዋ ታማሚ ባሌ ውስጥ በነሐሴ 1976 ተገኘች።

በዓለም በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው ሰው ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ የነበረው የሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማአሊን ነው፣ በጥቅምት 1977። አልተከተበም ነበር። ሁለት ታማሚዎችን የጫነ መኪና መንገድ ሲያሳይ ያዘው። ድኖ፣ በኋላ ራሱ ለፖሊዮ ክትባት ሲቀሰቅስ ኖሯል።